አምስት ቀዳዳ፣ ስድስት ልጅ

ዶርሙ ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ያለው እነሱ ከመግባታቸው በፊት ተቃጥሎ ዙሪያው ጠቁሯል። የሚሠራው መስኮቱ ሥር ያለው ነው፤ እሱም ስለላላ እንዳይነቀል የታጠፈ ሀንድአውት ከታች ተደግፎለታል። እዚያ ላይ አንድ ዲቫይደር ተሰክቷል፤ ድሮ ነጭ የነበረ፣ ገመዱ ሁለት ቦታ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ባለ አምስት ቀዳዳ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ተደራራቢ አልጋና ስድስት ልጅ አለ።

ጥቅምት ላይ አንዱን ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ዋልኩ። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የሚማረው አዲስ አበባ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ ነው፤ የግቢውን ስም የማልጠራው "ስቶቭና ዲቫይደር መጠቀም ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ የዶርሙ መግቢያ ላይ ስለተለጠፈ ነው። የሄድኩትም እህቴ በየሳምንቱ የምትጠይቀኝን ጥያቄ ይዤ ነበር፦ "ይሄ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ምን ሲያደርግ ነው የሚውለው?" እሱን ብትጠይቀው "ምንም" ይላታል። በር ላይ መታወቂያዬን አስያዝኩ። ፕሮክተሩም ከላይ እስከ ታች አየኝና "ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ" ብሎ አሳለፈኝ።

ከዲቫይደሩ በላይ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። እነሱ "ሕገ መንግሥቱ" ይሉታል። ከ50 በመቶ በላይ የሞላ ስልክ ይነቀላል። አሳይመንት ያለበት ሰው ላፕቶፕ ቅድሚያ አለው። ፓወር ባንክ የሚሞላው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የሌላውን ስልክ የነቀለ ሰው መንቀሉን ለባለቤቱ መናገር አለበት፤ ባለቤቱ ተኝቶ ከሆነም ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ በታች ሌላ የእጅ ጽሕፈት አንድ ነገር ጨምሯል፦ "አንቀጽ 39፦ የራሱን ዲቫይደር ገዝቶ መገንጠል የፈለገ መብቱ የተጠበቀ ነው።" እስካሁን የተገነጠለ የለም።

"የክልከላው ነገር አይገባኝም፣ ጋሼ" አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የላላውን ሶኬት እያስተካከለ። "አንድ ቻርጀር 10 ዋት ገደማ ነው የሚስበው። ስቶቭ ግን 2,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሆን ዘጠኝ አምፔር ማለት ነው። አንድ ስቶቭ ማለት ሁለት መቶ ስልክ ነው። ክልከላው ለስቶቩ ልክ ነው፤ ዲቫይደሩ ምን አደረገ?" ሂሳቡ ትክክል ነው። በጥቁር ፕላስተር ስለተጠቀለለው ገመድ ግን ትንፍሽ አላለም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ለእህቴ የምወስደው መልስ የመጀመሪያ መስመር እዚያው ተገኘ። ልጁ የሚወደውን ነገር አንድ በአንድ ብትጠይቁት ስልክና ኮምፒውተር፣ ፊልም፣ ኳስ ይላል። ሦስቱም ግን የሚገቡት በዚያች በላላች ሶኬት በኩል ነው። መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀን ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ።

*

የስልኩ ስክሪን ከቀኝ ጥግ ተሰንጥቋል። ቴክኖ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚይዘው ይሄው የሼንዘኑ ትራንሽን ኩባንያ የሚሠራቸውን ስልኮች ነው፤ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል በስም ይለያዩ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እኔ የቴክኖሎጂ ፍቅር ሲባል አዲስ የወጣውን ስልክ መመኘት ይመስለኝ ነበር። እዚህ ዶርም ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያለውን ስልክ እንዳይሞት ማቆየት ነው። ስቶሬጁ ሲሞላ ምን ይጥፋ? ባትሪው ሲደክም የትኛው አፕ ይዘጋ? ስልኩ ሲንቀራፈፍ ፍላሽ ይደረግ ወይስ ትንሽ ይታገሡት? ከስድስቱ አንዱ ግቢ ከገባ ጀምሮ የባልንጀሮቹን ስልክ ይፈታል። ትንንሾቹን ብሎኖች የሚያስቀምጠው ወንበሩ ላይ በዘረጋው ወረቀት ላይ ነው፤ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጡ እንዳይምታታበት የስልኩን ሥዕል ይሥልና እያንዳንዷን ብሎን በየቦታዋ ያሳርፋታል። ይህን ኮርስ ላይ ያስተማረው የለም።

እነዚህ ልጆች ግቢ የገቡበት ዘመንም የራሱ ትምህርት ነበረው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተናን ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የተፈተኑት እነሱ ናቸው። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ የተለቀቁት ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ፍሬሽ ሆነው ሲገቡ ታዲያ መጀመሪያ የተማሩት የላይብረሪውን መንገድ ሳይሆን ቪፒኤንን ነው። የእህቴ ልጅ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳኝ ደብዳቤ ብሎ ጀመረ። ደብዳቤህን በታሸገ ፖስታ ውስጥ ከተህ ሌላ አገር ላለ ሰው ትልካለህ፤ እሱ ከፍቶ ወደ ትክክለኛው አድራሻ ያደርስልሃል፤ መልሱንም በዚያው መንገድ ይመልስልሃል። መንገድ ላይ የሚያይህ ሰው ፖስታውን እንጂ ውስጡን አያይም። "ባትሪ ግን ይበላል" አለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በኔትወርክ ኮርስ ላይ "ተነሊንግ" የሚለው ርዕስ ሲመጣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ አለኝ። መምህሩ ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም።

ሌላው የጋራ ሀብታቸው ዜንደር ነው። ፊልም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ ዳታ ግን አይቆጥርም። አንዱ ስልክ ራሱን ሆትስፖት ያደርጋል፣ ሌላው እሱ ላይ ይገባል፤ በመካከላቸው ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። በእኛ ጊዜ ብሉቱዝ ተአምር ነበር። ሂሳቡን ሲሠሩልኝ ግን አፈርኩ፦ ብሉቱዝ በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት ገደማ ነው የሚያሳልፈው፤ 700 ሜጋባይት ፊልም ለማሻገር ሦስት ሩብ ሰዓት ያልፋል። በዋይፋዩ አርባ ሜጋቢት ካገኘ ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ሦስት ሩብ ሰዓት ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ እንዳይቋረጥ ሳንነካካ፣ እንደ ጫጩት የጠበቅን ሰዎች ነን እኛ።

*

ስለ ፊልሙ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ለሁሉም የታወቀ ነው። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ እነዚህ ልጆች የ11 ዓመት ሕፃናት ነበሩ፤ ከእናቶቻቸው ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ነው የውጭ ድራማ የለመዱት። ግቢ ሲገቡ ኮሪያው ተጨመረ፣ ቀጥሎ የጃፓን አኒሜ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ፊልም የሚጭን ሱቅ አለ፤ ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ዝርዝሩን እያየህ ትመርጣለህ፣ ይጭንልሃል። የፊልሙ ሠሪ ድርሻ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ገዢም ሻጭም የለም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ካለን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሱቁ ውስጥ ግን ማንም ስሙን አያነሣም። ሱቁ ራሱ አሁን ገበያው ቀዝቅዟል። ልጆቹ የሚፈልጉትን ቴሌግራም ቻናል ላይ ያገኙታል።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ፊልም ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት ርዕሱን ሳይሆን በፋይሉ ስም ጫፍ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። 265 የምትል ቁጥር ካለች ደስ ይላቸዋል። ይህ ቪዲዮ የሚታመቅበት ስልት ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሲሆን ከእሱ በፊት ከነበረው 264 ጋር ሲነጻጸር፣ በተቀራራቢ ጥራት እስከ ግማሽ የሚደርስ ቦታ ይቆጥባል። ስልኩ 64 ጊጋባይት ብቻ ለሆነ ልጅ ይህ የጽድቅና የኩነኔ ጉዳይ ነው። የእህቴ ልጅ ከላይኛው አልጋ እግሩን አንጠልጥሎ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ "ሁለት ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ግድግዳው አይንቀሳቀስም፣ አይደል? ስለዚህ ግድግዳውን አንዴ ይጽፈውና ቀጥሎ 'ያው ነው' ብሎ ያልፋል። የሚጽፈው የተንቀሳቀሰውን ከንፈር ብቻ ነው። ኳስ ግን ካሜራውም ሣሩም ሰዉም ይንቀሳቀሳል፤ ለዚያ ነው የኳስ ቪዲዮ የሚከብደው።" በዚህ መንፈቅ ዓመት ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ የሚባል ኮርስ ይዟል። መጽሐፉ ይህንኑ በሦስት ገጽ ቀመር ነው የሚናገረው፤ ልጁ ግን ከመጽሐፉ በፊት በስልኩ ጥበት ተምሮታል።

ጎኑ ያለው ልጅ "ዋን ፒስ" የሚባለውን አኒሜ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ፣ ከ1,100 ክፍል ያለፈ ነው። ማስታወሻዬን አውጥቼ አሰብኩት፤ አንዱ ክፍል 20 ደቂቃ ቢሆን ከ366 ሰዓት በላይ ነው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በመንፈቅ ዓመት 48 ሰዓት ይፈጃል። ሰባት ኮርስ ተኩል ማለት ነው። ቁጥሩን ስነግረው ትንሽ አሰበና "በግሬድ ቢሆን ኖሮ ኤ ነበር የማመጣው" አለ።

ጨዋታው ሁሉ ግን እንዲህ የሚያስቅ አይደለም። በ2016 መጋቢት አካባቢ ዶርሙ ሁሉ ስልኩን በጣት መደብደብ ይዞ ነበር፤ የቴሌግራም ላይ ሃምስተር ጨዋታ። ከእሱ ቀደም ብሎ የተጀመረው ኖትኮይን የሚባለው ግንቦት ላይ ለነካካው እውነተኛ ገንዘብ ሲከፍል ደግሞ "ይሄኛውም ይከፍላል" ተባለ። ከስድስቱ አንዱ በሁለት እጁ አሥር ጣቱን እያፈራረቀ፣ ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር፣ ለስድስት ወር ደበደበ። የዲቫይደሩ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረሰውም ያኔ ነው፤ ስልኩ 90 በመቶ ሆኖ እንኳን አልነቀል አለ። የጨዋታው ዲጂታል ሳንቲም ገበያ ላይ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017፣ በደመራ ዕለት ነው፤ ሲወጣ የአንዱ ዋጋ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ለልጁ የደረሰው ለአንድ ኪሎ ሥጋ አልበቃም። ስሙ ሲነሣ አሁንም ጣቱን አይቶ ይስቃል፤ ሌሎቹ ግን እያዘኑለት ነው የሚስቁት። ሐምሌ 2016 ላይ በመንግሥትና በተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሰርተፊኬት ይዟል፤ ሎከሩ ላይ ለጥፏቸዋል።

*

ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ካፌ ሄድን፤ እኔ ከውጭ ነው የቆምኩት፤ ያለ ሚል ካርድ አይገባም። ስድስቱም አንድ እጃቸው ሽሮው ላይ፣ አንድ እጃቸው ስልኩ ላይ እንደሆነ በመስኮቱ ይታየኛል። ነገሩ ፋንታሲ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ የሚያውቅ ይለፈው። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ እ.ኤ.አ. ከ2002/03 የውድድር ዓመት ጀምሮ ያለ የነፃ ጨዋታ ነው። የምናብ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል፤ በዚያ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፦ ሁለት በረኛ፣ አምስት ተከላካይ፣ አምስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ። ተጫዋቹ በእውነተኛው ሜዳ ሲያገባ አንተ ነጥብ ታገኛለህ። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መያዝ አይቻልም። ይህች ሕግ ነች ጉደኛዋ፤ ምክንያቱም የአርሴናል ደጋፊ ነጥብ ፈልጎ የቶተንሃም አጥቂ ይገዛና ቅዳሜ ቀን ጠላቱ እንዲያገባ በሆዱ ይለምናል። ከተፈቀደልህ በላይ ተጫዋች ከቀየርክ አራት ነጥብ ትቀጣለህ። ቡድንህን የምታስተካክልበት ጊዜ የሚያበቃው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የዚያን ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ 8፡30 ነበር፤ ስለዚህ መዝጊያው 7 ሰዓት፣ ልክ ምሳ ላይ።

የግቢው ልጆች የራሳቸው ሊግ አላቸው፤ አርባ ያህል ሆነው ይጫወታሉ። መሪዋ ሴት ናት። ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምትማረው። ላውንጅ ውስጥ አገኘኋት፤ ላፕቶፗን ከፍታ ሻይ እየጠጣች ነበር። ወንዶቹ እሷ ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

"ጋሼ ይቀመጡ" ብላ ወንበር ሳበችልኝ። "እነዚህ በልባቸው ነው ካፒቴን የሚመርጡት። እኔ በቁጥር ነው።" የፋንታሲው ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ተጫዋች መረጃ በነፃ ይሰጣል፤ እሷ በፓይተን ጽፋ ትሰበስበዋለች፤ የቀጣዩን አምስት ሳምንት ተጋጣሚ አይታ ትመዝናለች። የትኛውን ክለብ እንደምትደግፍ ስጠይቃት ዝም ብላ ሻይዋን አማሰለች። በኋላ፣ ወንዶቹ ከሄዱ ወዲያ፣ "ማንችስተር ዩናይትድ" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ከቡድኔ ውስጥ ግን አንድም ዩናይትድ የለም። ምን ላድርግ፣ ቁጥሩ እንቢ አለኝ።" የመመረቂያ ሥራዋን በዚሁ በፋንታሲው መረጃ ላይ ልትሠራ አስባ አማካሪዋ "ጨዋታ ነው" ብለው መልሰውባታል። እኔ አማካሪውን ብሆን እፈቅድላት ነበር።

*

ዲኤስቲቪ ቤቱ ከግቢው በር ወጥቶ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። በሩ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሰማያዊ ማርከር ሦስት ሰዓት ተጽፎበታል፦ 8፡30፣ 11፡00፣ 1፡30። ከሰዓቶቹ ጎን የክለቦቹ ስም አለ፤ አንዱ ክለብ በተመሳሳይ ሰሌዳ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። ውስጡ ረጃጅም አግዳሚ፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ድምፅ። ጨዋታው ሁለት ከሆነ ድምፁ ብዙ ደጋፊ ወዳለው ይሰጣል፤ የሌላው ደጋፊ በጸጥታ ያያል። ጣራው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ ሙቀቱ አይጣል ነው። ኦቾሎኒ የሚሸጥ ልጅ በእግሮች መካከል እየተሽሎከሎከ ያልፋል።

የሰዓቱን ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ አገር ሰዓት አይዞርም። እንግሊዞች ግን በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ፣ በማርች መጨረሻ ደግሞ ወደ ፊት ያዞራሉ። ስለዚህ እዚያ ሁልጊዜ በ9 ሰዓት የሚጀመረው የቅዳሜ ጨዋታ፣ እዚህ በበጋ 12 ሰዓት፣ በክረምት ግን 11 ሰዓት ይሆናል። የሻምፒየንስ ሊግ ጨዋታም ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ይሸጋገራል፤ በዚያ ላይ ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ የግቢው በር ተዘግቷል። የእህቴ ልጅ የራሱን የትምህርት ካሌንደር በቃሉ አያውቅም፤ የእንግሊዝ ሰዓት የሚዞርበትን እሑድ ግን ያውቃል።

እሱ አርሴናል ነው። ክለቡ ሳይሸነፍ ሊጉን የበላው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ልጁ ያኔ ገና አልተወለደም። ከ2023 እስከ 2025 በተከታታይ ሦስት ዓመት ሁለተኛ ሲወጣ ግን አንዱንም አላመለጠውም። "ማን ነው አርሴናል ያደረገህ?" አልኩት። ወደ እኔ ዞሮ ዝም ብሎ አየኝ። ረስቼው ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ያንን ቀይ ማሊያ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

የዕለቱን የ11 ሰዓት ጨዋታ ክለቦች አልጠራም፤ ብጠራ ግማሹ አንባቢ ይቀየመኛል። ያየሁትን ብቻ ልናገር። ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ ሁለት ስልክ ይዞ አንዱ ላይ የፋንታሲ ነጥቡን፣ ሌላው ላይ የቤቲንግ ትኬቱን ያያል። አሥር ጨዋታ ቆርጧል። ስታትስቲክስ እንደሚማር ሳውቅ አልቻልኩም። "ልጄ፣ እያንዳንዱ 70 በመቶ የተረጋገጠ ቢሆን እንኳን አሥሩም አንድ ላይ የመሳካት ዕድላቸው ሦስት በመቶ አይሞላም፤ ይህን አንተ ልታስተምረኝ ይገባ ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። "2.8 ነው። ግን እኛ እኮ የ2014 ተፈታኞች ነን።"

ወዲያው አልገባኝም። በ2014 ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው 30 ሺህ ገደማ ነበር፤ 3.3 በመቶ። እዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠው የእሱ ባች ሁሉ ከመቶ ሦስቱ ውስጥ ነው። ለእነሱ ሦስት በመቶ ማለት የማይሆን ነገር ማለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ የሆነላቸው ነገር ነው። የቤቲንግ ቤቶች የሚበሉት ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ። ፈተናው ግን ባነበብከው ይወሰናል፤ ትኬቱ በአሥር ግብ ጠባቂ እጅ ነው። ልነግረው አሰብኩና ጎል ገባ፤ ቤቱ ተናወጠ፤ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ትኬቱ ተቃጥሏል።

በ85ኛው ደቂቃ አንድ ነገር ተፈጠረ፤ አግዳሚዎቹ መሳሳት ጀመሩ። ሰው ሚል ካርዱን ከኪሱ እያወጣ ወደ በሩ ይሮጣል። የካፌው እራት 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ጨዋታው የሚያልቀው አምስት ጉዳይ ላይ ነው። ከዲኤስቲቪ ቤቱ እስከ ካፌው በሩጫ ሰባት ደቂቃ። መጨረሻ ድረስ የሚቀመጡት ነን ካፌዎች፣ ማለትም ካፌውን ትተው በራሳቸው የሚመገቡት፣ ብቻ ናቸው። የካፌ ተማሪ የጭማሪ ደቂቃ ጎል የሚሰማው ሽሮ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከሩቅ በሚመጣ ጩኸት ነው። የእህቴ ልጅ አልተነሣም። ጭማሪው ስድስት ደቂቃ ነበር፤ ስድስቱንም ተቀመጠ።

*

ወደ ዶርም ስንመለስ መሽቷል። ፕሮክተሩ ሲያየኝ የግማሽ ሰዓቱን ነገር አላነሣም፤ ውጤቱን ነው የጠየቀኝ።

በሩ ላይ ሆኜ ትንሽ ቆየሁ። ድሮ እኔ ስድስት ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። መስከረም 15 ቀን 1993 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም እኛ አንዲት ሱቅ ደጃፍ ላይ ባለች ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ከመቶ በላይ ሆነን ነው ያየነው፤ ማን እንዳቀፈኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚህ ክፍል ውስጥ አራቱ ልጆች አልጋቸው ላይ ናቸው። የሁሉም ጆሮ ላይ ኢርፎን አለ። አንዱ ኮሪያ፣ አንዱ ጃፓን፣ አንዱ ጎሎቹን እንደገና፣ አንዱ የኮዲንግ ትምህርት። ነሐሴ 2010 ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ሲቀንስ፣ በ2015 ደግሞ ሳፋሪኮም ገብቶ ፉክክር ሲጀመር ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ይገባልም። ግን ድሮ ፊልም ማውረዱ ውድ ስለነበር አንዱ ያወረደውን ስድስቱ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኝተው ያዩት ነበር፤ የእህቴ ልጅ ፍሬሽ ሳለ እንኳን እንደዚያ እንደነበር ነገረኝ። አሁን ሁሉም የየራሱን ያያል። ኳሱ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ክፍያው ውድ ስለሆነ።

ከዚያ አንዱ ኢርፎኑን ነቀለና ተነሣ፤ ዲቫይደሩ ዘንድ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ስልኮቹን አንድ በአንድ አበራ። "ሃምሳ ሁለት!" ብሎ ጮኸ። "የማን ነው ሃምሳ ሁለት?" ሌሎቹም ኢርፎናቸውን አወለቁ። ክርክር ተነሣ። ኪቦርድ ላይ ያለው "አሁን ነው የሰካሁት" ይላል፣ የላይኛው አልጋ "ውሸቱን ነው" ይላል፣ የኳሱ ልጅ ጎሉን ለሁሉም ሊያሳይ ስልኩን ያዞራል። ክፍሉ ለአሥር ደቂቃ ያህል እኔ የማውቀው ዶርም ሆነ። ዲቫይደሩ ባለ ስድስት ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ልገዛላቸው አስቤ የነበረውን ተውኩት።

ታክሲ ላይ ሆኜ ለእህቴ ደወልኩላት። ምን ሲያደርግ እንደሚውል ነገርኳት፤ ስለ 265፣ ስለ ቪፒኤኑ፣ ስለ ሁለት መቶው ስልክ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና "እራቱንስ በልቷል?" አለች።

"በልቷል" አልኳት።

አልበላም ነበር። የ1፡30ውን ጨዋታ ያየው በአንድ ብስኩት ነው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ያዞራሉ፤ የ11 ሰዓቱ ጨዋታ 12 ሰዓት ይጀመራል። ካፌው ግን ያው 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል።